የባቄላ ሥር ማስታወሻ፦ የሴል ክፍፍልን ደሴ ላይ በዓይን ለማየት

ሐምሌ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

የዚህ ክረምት ዕቅዴ አንድ ነው፦ ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቼ የሴል ክፍፍልን በሥዕል ብቻ ሳይሆን በገዛ እጃቸው ባዘጋጁት ስላይድ ላይ እንዲያዩ ማድረግ። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ ብለው በቃላቸው የሚወጡ ልጆች ሞልተዋል። ጠለቅ አድርጌ ስጠይቃቸው ግን አራቱ ደረጃዎች እኩል ጊዜ የሚወስዱ፣ አንዱ ተዘግቶ ሲያልቅ ሌላው የሚከፈት ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም። የሚያጠኑበት ሥዕል ላይ የተደረደሩት ክቦች ሁሉ እኩል ናቸው፤ በሁለት ክፍፍሎች መካከል ያለው ጊዜ፣ ኢንተርፌዝም፣ እንደ ሌሎቹ አንዲት ክብ ብቻ ተሰጥቷታል። ሴሉ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው እዚያ ሆኖ ሳለ!

ስለዚህ ማየቱ ብቻ አይበቃኝም፤ እንዲቆጥሩም እፈልጋለሁ። ለዚህ ደግሞ ከደሴ ገበያ፣ ከፋርማሲና ከትምህርት ቤታችን መደርደሪያ በሚገኝ ዕቃ ብቻ የሚሠራ አሠራር ማግኘት አለብኝ።

በብዙ ቦታ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሽንኩርት ነው፤ ሥሩ በቀላሉ ይወጣል፣ ክሮሞሶሞቹም (ዲኤንኤ የያዙት ክር መሳይ አካላት) 16 ናቸው። እኔ ግን ባቄላን መርጫለሁ። የባቄላ ክሮሞሶሞች 12 ብቻ ሲሆኑ እጅግ ትልልቅ ናቸው። ከእርሻችን ሌላውን ብንወስድ ገብስ 14፣ የዳቦ ስንዴ 42፣ ጤፍ 40 አለው፤ የጤፉ ደግሞ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ለመለየት በጣም ያንሳሉ። ባቄላን የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሰኞ ገበያ

የእህል ተራው በጭቃ ተይዟል። አንዲት እናት ከጆንያቸው ፊት ተቀምጠው ባቄላውን በእጃቸው እያገላበጡ ያሳዩኛል።

«ለበቆልት ነው ለሹሮ፣ ልጄ?»

«ለበቆልት ነው፣ እማማ። ሥር እንዲያወጣ ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያ ከዚህኛው ውሰድ። ያኛው የከረመ ነው፤ ግማሹ ይቀርብሃል።»

ነቀዝ የነካውን እየለቀሙ አወጡልኝ። በቆልት የምትሠራ እናት የማብቀሉን ሥራ ከማንም የላብራቶሪ መመሪያ አሳምራ ታውቀዋለች፤ እኔም የሠራሁት እንደ እሳቸው ነው። ሌሊቱን በውኃ ዘፈዘፍሁ፣ ጠዋት አጠንፍፌ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልሁ፣ ጠዋትና ማታ ውኃ አርከፈከፍሁበት።

ከዚያው ጆንያ ግማሹን ኮምቦልቻ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ ልኬላታለሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1900 ሜትር በታች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አየሩ ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ባቄላ በሁለቱ ከተሞች ሲበቅል ሴሎቹ ምን ልዩነት ያሳዩ ይሆን? ይህ በዕቅዴ ያልነበረ፣ ገበያ ላይ ሳለሁ የመጣ ሐሳብ ነው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ

እህቴ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ባቄላህ ጨርቁን በስቶ ወጥቷል፤ ምን ላድርገው?» የእኔዎቹ ገና ጫፋቸውን ብቅ እያደረጉ ነው። ሥሩ የሚነከርበትን ውህድ አስቀድሜ ልኬላት ስለነበር ቆርጣ እንድትነክረው ነገርኋት።

ሥሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን በምላጭ ቆርጦ ወዲያውኑ ሴሉን ባለበት የሚያቆም ውህድ ውስጥ መክተት ነው። ውህዱ ሦስት እጅ ንጹሕ አልኮልና አንድ እጅ ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ ነው። የወጥ ቤት አቼቶ ለዚህ አይሆንም፤ አብዛኛው ውኃ ነው። አሲዱን ላብራቶሪ የሚሠራ ወዳጄ ሰጠኝ። ሥሩ እዚያ ውስጥ ካደረ በኋላ ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወርና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል።

ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊገባው የሚገባው እዚህ ላይ የሚሆነው ነገር ነው። ውህዱ እያንዳንዱን ሴል ባለበት ያስቀረዋል። በስላይዱ ላይ የምናየው አንድ ሴል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲከፈል አይደለም፤ በአንዲት ቅጽበት የቆሙ ብዙ ሴሎችን ነው። አንዱ ሊጀምር ሲል፣ አንዱ መካከል ላይ፣ አንዱ ሊጨርስ ሲል ደርሶበታል። ታሪኩን የምንቀጥለው እኛ ነን።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ማለስለስና ማቅለም

የዕፅዋት ሴሎች እርስ በርስ በፔክቲን ተጣብቀዋል፤ አሲድ ይህን ማጣበቂያ ያላላል። ልዩነቱን ለማሳየት ስል አንዱን ሥር ያለ አሲድ፣ ሌላውን በአሲድ አለስልሼ አዘጋጀሁ። ያለ አሲድ የተሠራው ሥር በመስታወቱ ሥር ተደራርቦ ጥቁር ክምር ሆነ፤ በአሲድ የለሰለሰው ግን በአንድ ንብርብር ተዘረጋ። ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን ለተማሪ ለማሳየት አስቀምጫቸዋለሁ።

አሲዱ 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሲበረዝ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ በፍጹም አይጨመርም። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት። የሙቅ ውኃ ማሽን ስለሌለን በፔርሙስ ተጠቀምሁ፤ አፉ ሰፊ በሆነ ፔርሙስ ውስጥ 60 ዲግሪ ውኃ አድርጎ የሙከራ ቱቦውን መንከር በቂ ነው፣ ለአሥር ደቂቃ ሙቀቱ እምብዛም አይወርድም። «እኩል የፈላና እኩል ቀዝቃዛ ውኃ ቀላቅል» የሚል ግምት ግን ደሴ ላይ አይሠራም። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ቴርሞሜትሩን ማመን ይሻላል።

ለማቅለሚያ ሁለት ነገር ሞከርሁ። የመጀመሪያው በአሴቲክ አሲድ የተፈላ ካርሚን ነው። ካርሚን የሚገኘው ኮቺኒል ከምትባል፣ በለስ ላይ ከምትኖር ትንሽ ነፍሳት ነው፤ በትግራይና በራያ የበለሱን ተክል ያጠፋችው ይህችው ነፍሳት ናት። ሁለተኛው ከፋርማሲ የሚገዛው ሐምራዊ ጄንሺያን ቫዮሌት በአቼቶ ተበርዞ ነው። ካርሚኑ የሚበልጥ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ክሮሞሶሙን ጥልቅ ቀይ አድርጎ ዙሪያውን ንጹሕ ይተወዋል። ጄንሺያን ቫዮሌት የሴሉን ግድግዳም ጭምር ያቀልማል፣ በአሴቲክ አሲድ ደጋግሞ ማጠብ ይፈልጋል። ሆኖም ማንኛውም ፋርማሲ ይኖረዋል፣ ዋጋውም ለማንም አይከብድም። ለክፍል የመረጥሁት እሱን ነው።

ከተቀለመ በኋላ የሥሩ ጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። ሴሎች የሚከፈሉት እዚያ ነው፤ ትንንሽና ኒውክሌሳቸው ሰፊ ስለሆነ ቀለም በብዛት ይይዛሉ። ከዚያ በላይ ያለው ክፍል የሚረዝሙ እንጂ የማይከፈሉ ሴሎች ስለሆኑ ይጣላል። ጥቁሯን ጫፍ በወረንጦ አንስቶ ስላይድ ላይ ማድረግ፣ በስስ መስታወት መሸፈን፣ በእርሳስ ጀርባ ቀስ እያሉ መምታት፣ በመጨረሻ ሶፍት ደርቦ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መጫን። መስታወቱ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሴሎቹ ይጠቀለላሉ።

ሐምሌ 20 አካባቢ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ

መብራት ጠፍቶ ስለነበር በመስኮት ብርሃንና በማይክሮስኮፑ መስታወት ነው የሠራሁት። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ብርሃኑ ደካማ ቢሆንም 400 እጥፍ ላይ በቂ ነበር።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ኢንተርፌዝ ነው፤ ደቃቅ ነጠብጣብ የተበተነባቸው ክብ ኒውክሌሶች፣ በውስጣቸውም ቀለም ያልያዘች ኒውክሊዮለስ። በማይክሮስኮፑ የሚታየው ሜዳ ሁሉ እነሱ ናቸው። ከዚያ አንዱ ኒውክሌስ ሸካራ ሆኖ ይታያል። ትኩረቱን ጥቂት ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ሸካራነቱ ወደ ክር ይለወጣል፤ ረጃጅም፣ የተጠላለፉ ክሮች። ይህ ፕሮፌዝ ነው። ፕሮፌዝ መቼ ጀመረ ብሎ መስመር ማስመር አይቻልም፤ ከኢንተርፌዝ እስከ ፕሮፌዝ ያለው ሁሉ ደረጃ በደረጃ በአንድ ስላይድ ላይ አለ።

ሜታፌዙን ሳገኝ ለረጅም ጊዜ ከእሱ አልተነሣሁም። ክሮሞሶሞቹ በሴሉ ወገብ ላይ ተሰልፈዋል፣ ጫፎቻቸው ወደ ውጭ ተርፈዋል። የኒውክሌሱ ሽፋን የለም። ክሮሞሶሞቹን የሚስቡት ቃጫዎች በዚህ ቀለም አይታዩም፤ ሥራቸው ግን በሰልፉ ቅርጽ ላይ ይነበባል። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ሁለት መንትያ ክር፣ ማለትም ሁለት ክሮማቲድ ነው፣ ሴንትሮሜር በሚባለው ቦታ ላይ ተያይዞ ያለ። ሜዳውን ጥቂት ወደ ቀኝ ባንሸራትተው አናፌዝ አለ፤ ሴንትሮሜሮቹ ቀድመው ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይሳባሉ፣ ረጃጅሞቹ ክንዶች ወደ ኋላ ይጎተታሉ። ሳቡ ሴንትሮሜሩ ላይ እንደ ሆነ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ቴሎፌዙ ላይ ሁለት ጥቅጥቅ ያሉ እብጠቶችና በመካከላቸው ቀጭን መስመር ይታያል። መስመሩ የሴል ሰሌዳ ነው፤ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር እያደገ አዲሱን ግድግዳ ይሠራል። በእንስሳ ሴል ግን ሽፋኑ ከዳር ወደ መካከል እየጠበበ ነው የሚቆርጠው። ተማሪዎች «ሴንትሪዮሉ የታለ?» ብለው እንደሚጠይቁ እርግጠኛ ነኝ፤ በመጽሐፍ የለመዱት ቃጫዎቹ ከሴንትሪዮል አካባቢ የሚዘረጉበትን የእንስሳ ሴል ነውና። ባቄላ ሴንትሪዮል የለውም፤ ያለ እሱም ይሰለፋል፣ ያለ እሱም ይከፈላል።

ነሐሴ መግቢያ፣ ቆጠራ

ከሰፈር የሚመጡ ሁለት ተማሪዎች አብረውኝ ናቸው። ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ እየተጓዙ ያገኙትን ሴል ሁሉ በየደረጃው በመስመር ያሰምራሉ፤ አልፈው የሚመርጡት የለም። ከሁለቱ አንዷ፣ የሸዋ በሯ ልጅ፣ ብዙ ሳትቆጥር ቀና አለች። «መምህር፣ የኢንተርፌዙ ዓምድ ሞላ፤ አናፌዝ ገና አንድም አላገኘሁም።»

ክረምቱን ሙሉ የለፋሁት ለዚች ንግግር ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ በመንገድ ምሳሌ አስረዳኋቸው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ ከአየር ላይ አንድ ፎቶ ብናነሣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ተሽከርካሪ ተጠጋግቶ፣ ሜዳው ላይ ተራርቆ እናያለን። ሐረጎ ላይ የበዙት ቀስ ብለው ስለሚወጡ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ተገኙ ማለት እዚያ ብዙ ጊዜ ይፈጃሉ ማለት ነው። ስላይዱም እንደዚያው ነው። የባቄላ ሥር ሴል ሙሉ ዑደቱን ለመጨረስ እንደ ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ሰዓት ይወስዳል። ዑደቱ 20 ሰዓት ከሆነና ከአሥር ሴሎች አንዱ በክፍፍል ላይ ከተገኘ፣ ክፍፍሉ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ከእነዚያ 2 ሰዓታት ሰፊውን ድርሻ የሚወስደው ፕሮፌዝ ነው፤ አናፌዝ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ስሌቱ ግምት ነው፤ መከፈል ያቆሙ ሴሎች ገብተው ሊያዛቡት ይችላሉ። ለትምህርት ቤት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ባቄላን የመረጥሁበት ሁለተኛው ምክንያት እዚህ ይመጣል። ዋልተር ፍሌሚንግ በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ የክሮሞሶሞቹን እንቅስቃሴ በሳላማንደር ሴሎች ላይ አሳምሮ ከገለጸ በኋላ፣ በሁለት ክፍፍሎች መካከል ያለው ጊዜ ለብዙ ዓመታት የዕረፍት ጊዜ ተብሎ ይታሰብ ነበር። አልማ ሃዋርድና ስቲቨን ፔልክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ ለባቄላ ሥር አጠጡ። ፎስፎረሱ ዲኤንኤ ውስጥ ሲገባ በፎቶ ፊልም ላይ ምልክቱን ይተዋል። ያገኙት ነገር ዲኤንኤ የሚባዛው በክፍፍሉ ወቅት ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ፣ በኢንተርፌዝ ውስጥ በተወሰኑ ሰዓታት እንደ ሆነ ነው። ጂ ዋን (ዲኤንኤ ከመባዛቱ በፊት)፣ ኤስ (ሲባዛ)፣ ጂ ቱ (ከተባዛ በኋላ) የሚባለው የኢንተርፌዝ አከፋፈል የመጣው ከዚህ ሥራ፣ ከባቄላ ሥር ነው። እማማ ከጆንያቸው የሚሰፍሩት ባቄላ እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለው ለልጆቹ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ።

የኮምቦልቻው ሥር

የእህቴ ሥሮች ከእኔዎቹ በተመሳሳይ ጊዜ እጥፍ ያህል ረዝመው ነበር። ልጆቹ ኮምቦልቻ ላይ የሚከፈሉት ሴሎች ድርሻ ይበዛል ብለው ተወራረዱ። ሲቆጠር ግን የኢንተርፌዙና የክፍፍሉ ድርሻ ከደሴው ጋር ተቀራራቢ ሆነ።

ግር አላቸው። መልሱ ያው መንገድ ላይ ነው፤ በመንገዱ ያሉት ተሽከርካሪዎች ሁሉ በአንድነት ፍጥነታቸውን በግማሽ ቢቀንሱ ፎቶው አይለወጥም። ብርድ ኢንተርፌዙንም ክፍፍሉንም አብሮ ያዘገያል፤ ድርሻው እንዳለ ሆኖ ዑደቱ ይረዝማል። ስለዚህ ስላይድ ብቻውን ድርሻን እንጂ ፍጥነትን አይናገርም፤ ለፍጥነቱ ማስመሪያና ቀን መቁጠሪያ ያስፈልጋል። ይህ ለእኔም ከቆጠራው ሁሉ ደስ ያለኝ ክፍል ነው።

ነሐሴ አጋማሽ፣ በረዶ

ቅዝቃዜው ከብርድ አልፎ ወደ በረዶ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። በቁም ያሉትን ሥሮች በረዶ በገባበት ውኃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኋቸው። ክሮሞሶሞችን የሚስቡት ቃጫዎች የሚሠሩት ከማይክሮቲዩቡል ነው፤ ማይክሮቲዩቡል ደግሞ በበረዶ ቅዝቃዜ ይፈርሳል። ሳቢ የሌላቸው ክሮሞሶሞች መሰለፍ አቅቷቸው በሴሉ ውስጥ ተበትነው፣ አጥረውና ወፍረው ይገኛሉ። ለመቁጠር ከዚህ የተሻለ የለም።

የሸዋ በሯ ልጅ ቆጥራ 14 አለች። ሌላኛው ልጅ 12 አለ። ሁለቱም ደግመው ቆጠሩ፤ ሁለቱም በቃላቸው ጸኑ። 1000 እጥፍ ላይ፣ በዘይት፣ አብረን አየነው። ከባቄላ ክሮሞሶሞች አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ በጣም ይረዝማል፤ በአንደኛው ክንዱ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ስርጉድ ቦታ አለው። ኒውክሊዮለስ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ስርጉዱ ሲለጠጥ ጫፉ ተቆርጦ የወደቀ ይመስላል፤ እሷም እነዚያን ሁለት ቁራጮች ለብቻ ቆጥራቸዋለች። ቀጭኗን ማያያዣ ስትፈልግ ቆይታ አገኘቻት። የልጅቷ ዓይን የሚደነቅ ነው፤ ቁራጮቹን ለይቶ ለማየት ራሱ ጥሩ ዝግጅትና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚያ የአናፌዙን ቁጥር ጠየቅኋቸው። በሴሉ ውስጥ 24፣ በየዋልታው 12። ክሮማቲዶቹ በተለያዩባት ቅጽበት እያንዳንዳቸው ክሮሞሶም ይባላሉ። ይህን ጥያቄ በፈተና የሚስቱ ብዙዎች ናቸው፤ ቆጥሮ ያየ ግን የሚስተው አይመስለኝም።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ቦሩ ሜዳ

ባቄላው አብቧል። ሥሩ የሚያሳየው ሚቶሲስን፣ ማለትም እስካሁን ያየነውን ክፍፍል ብቻ ስለሆነ፣ ለሜዮሲስ፣ የክሮሞሶሙን ቁጥር በግማሽ ለሚቀንሰው የዘር ሴል ክፍፍል፣ እምቡጥ ያስፈልጋል። አንድ ገበሬ ማሳቸው ውስጥ አስገቡኝ። «ቆርምዱን ልታይልን ነው?» አሉኝ በመጀመሪያ፤ ቅጠሉን የሚያሳብጠው የባቄላ በሽታ ያሳስባቸዋል። ለትምህርት እንደ ሆነ ነገርኋቸው፣ እምቡጥ እንድቀጥፍም ፈቀዱልኝ።

የተከፈተ አበባ አይጠቅምም፤ የአበባ ዱቄቱ ከደረሰ ሜዮሲሱ አልፏል። የሚፈለገው በአናቱ ቅጠሎች መካከል የተሸሸገው፣ ገና አበባ የማይመስለው እምቡጥ ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ 10 አንተሮች (የአበባ ዱቄት የሚሠራባቸው ከረጢቶች) አሉ። አንተሩ ቢጫ ከሆነ ዘግይቷል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ ሲሆን ጊዜው ነው። ለዚህ አሲድም ሙቀትም አያስፈልግም፣ አንተሩን በካርሚን ጠብታ ውስጥ ማፍረጥ ብቻ ነው።

እዚህ ግን መጠኑን ማግኘት ትዕግሥት ይፈትናል። ከአንዱ እምቡጥ ገና ያልጀመረ፣ ከሌላው ያለቀ እየወጣ ብዙ ጊዜ ሄደ። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ሜታፌዝ አገኘሁ። 12 ሳይሆን 6 አካላት፤ እያንዳንዱ ከእናትና ከአባት የመጡ ሁለት ክሮሞሶሞች የተጣመሩበት። ረጅሙ ጥንድ በብዙ ቦታ ተቆላልፎ ይታያል፣ ቁርጥራጭ የተለዋወጡባቸው ቦታዎች ናቸው። በሌላ ስላይድ ላይ ደግሞ አራት አራት ሆነው የተሰበሰቡ ሴሎች፣ እያንዳንዳቸው 6 ክሮሞሶም የያዙ። ዲኤንኤ አንዴ ብቻ ተባዝቶ ሁለት ጊዜ ስለተከፈለ ነው በግማሽ የቀረው።

እዚህም ጊዜው እኩል አይደለም፤ የመጀመሪያው ፕሮፌዝ ከቀሩት ደረጃዎች ሁሉ ይረዝማል። በሰው ልጅ ደግሞ የሴት እንቁላል ሜዮሲስን የሚጀምረው ልጅቷ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው፤ ከዚያ ፕሮፌዝ ላይ ቆሞ ለዓመታት ይጠብቃል። አንዳንዱ አርባ ዓመት ያልፈዋል። ክሮሞሶሞቹ በትክክል ሳይለያዩ ሲቀሩ፣ ለምሳሌ 21ኛው ክሮሞሶም ሦስት ሲሆን ዳውን ሲንድረም ይከሰታል፤ የእናት ዕድሜ ሲጨምር ይህ የሚበዛበት አንዱ ምክንያትም ይህ ረጅም ቆይታ እንደ ሆነ ይታመናል። ልጆቹ ከዚህ በላይ በጸጥታ ያዳመጡኝ ርዕስ የለም።

ጳጉሜን

ለክፍል የሚሆኑት ሥሮች በ70 በመቶ አልኮል በጠርሙስ ተቀምጠዋል፤ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ በበረዶ ያደሩ የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በአሲድ የማለስለሱን ሥራ አስቀድሜ እኔ እጨርሳለሁ፤ አሲዱንም ተማሪ እጅ ማስገባት አልፈልግም። ማቅለሙ፣ መጫኑና ቆጠራው የእነሱ ነው። በመልመጃው ወረቀት ላይ የተደረደሩትን ክቦች አውጥቼ ባዶ የቆጠራ ሠንጠረዥ አስገብቻለሁ፤ የደረጃዎቹን ሥዕል ከማይክሮስኮፑ አይተው ራሳቸው ይስላሉ። ሁለቱ ልጆች በየቡድኑ እየተዘዋወሩ መስታወቱን ቀጥ አድርጎ መጫንን ያሳያሉ። ጄንሺያን ቫዮሌት ልብስ ላይ ከፈሰሰ ስለማይለቅ፣ ጋውን የሌለው ሁሉ አሮጌ ሸሚዝ ደርቦ እንዲመጣ ማስታወቂያው ላይ ጽፌዋለሁ።